የህንዶቹን ዱቄት ልጠቀም ወይ? ስለሚመላለስ የብልት ማሳከክ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው፣ ሻርጃ ነው የምሠራው። ከዓመት በላይ ብልቴን ያሳክከኛል። የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ይብስብኛል፣ አንዳንዴ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ይወጣኛል፣ ሽታ ግን የለውም። ከፋርማሲ የፈንገስ ናት የሚሏትን አንዷን ፍሬ አራት ጊዜ ገዝቼ ወስጃለሁ። ይተወኝና ተመልሶ ይመጣል። ጠዋትና ማታ በዲቶልና በሎሚ ውሃ እታጠባለሁ። ጎረቤቴ ህንዳዊት፣ የኬረላ ሴት ናት፤ የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ነው ብላ ሁለት ዱቄት ሰጠችኝ። አንዱን እንድጠጣው፣ አንዱን አፍልቼ ወደ ውስጥ እንድታጠብበት። ልጠቀም ወይስ ይቅርብኝ? ሐኪም ጋ እንዳልሄድ አፍራለሁ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ዲቶሉን ዛሬውኑ አቁሚ። ሎሚውንም። የቀረውን ረጋ ብለን እናወራዋለን።

እኔ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ነኝ። ትምህርቴን ስጨርስ ደቡብ ህንድ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ፣ እዚያ ደግሞ ከአዩርቬዳ ጋር ሳትገናኚ መኖር አትችይም። ታካሚዎቼ ግማሹን መድኃኒት ከእኔ፣ ግማሹን ከሰፈራቸው የአዩርቬዳ ሐኪም ይወስዱ ነበር። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ በኋላ መጠየቅ ጀመርኩ። ስለዚህ «የህንድ ጉድ ነው፣ ጣይው» አልልሽም። «ተፈጥሮ ነው፣ ምንም አይልሽም» ብዬም አልሸነግልሽም።

ጎረቤትሽ የሰጠችሽ ነገር ዝም ብሎ የጓሮ ቅጠል አይደለም። ህንድ ውስጥ አዩርቬዳ አምስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ የዲግሪ ትምህርት አለው፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ባህላዊ ሕክምናዎቹን የሚመራ የራሱ ሚኒስቴር። ከጥንት መጻሕፍቱ ዋነኛው ቻራካ ሳምሂታ ነው። የሕክምና ክፍሉ 30ኛ ምዕራፍ ስለ ሴት ብልትና ማህፀን ሕመሞች ያወራል፣ ቆጥሮም 20 ዓይነት ናቸው ይላል። ልብ በይ፣ 20። ከእነሱ አንዱ አቻራና ይባላል። ንጽህና ሲጓደል ጥቃቅን ፍጥረታት ብልት ላይ ይፈጠራሉ፣ እነሱም ያሳክካሉ ይላል። ማይክሮስኮፕ ባልነበረበት ዘመን! ይህን መጀመሪያ ስሰማ እውነቴን ነው፣ ደንግጬ ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር እዪ። ያ መጽሐፍ ራሱ «ላሳከካት ሁሉ ይሄን ዱቄት ስጧት» አይልም። መጀመሪያ የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። ደረቅ፣ ሻካራና የሚያምም ከሆነ ቫታ ይሉታል። የሚያቃጥል፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽና ሙቀት ያለው ከሆነ ፒታ። ነጭ፣ ወፍራምና የሚያሳክክ ከሆነ ካፋ። ያንቺን የሰማ የአዩርቬዳ ሐኪም ወዲያው «ካፋ» ማለቱ አይቀርም። የእኔ መጽሐፍ ደግሞ ያንቺን ሲሰማ «ፈንገስ ሊሆን ይችላል» ይላል። ሁለቱ አንድ ለአንድ አይገጥሙም፣ ግን ሁለታችንም ፈሳሹን ሳናይና ሳንጠይቅ መድኃኒት አንሰጥም። ጎረቤትሽ ግን ሰጠች። ልቧ ጥሩ ነው፣ አዩርቬዳ ግን እንደዚያ አይሠራም። ለእሷ የሠራላት ዱቄት ለሌላ ዓይነት ማሳከክ ሊሆን ይችላል።

ማሳከክ አንድ ቃል ነው፣ በሽታው ግን ብዙ ነው።

ፈንገስ ያሳክካል። ሴቶች ከአራት ሦስቱ በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። ያንቺ ታሪክ ወደዚያ ያደላል፦ እንደ አይብ ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ከወር አበባ በፊት የሚብስ። ነገር ግን የብልት ባክቴሪያ ሚዛን ሲዛባ፣ ማለትም የዓሣ ሽታ ያለው ስስ ግራጫ ፈሳሽ ሲመጣ፣ እሱም አንዳንዴ ያሳክካል። ትሪኮሞናስም ያሳክካል፣ እሱ በግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ባልሽም ካልታከመ ስትድኚ ስትያዢ ትኖሪያለሽ። የሳሙናና የሞዴስ አለርጂም ያሳክካል። ቆዳው ነጭ እየሆነ የሚሳሳበት፣ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመምም አለ። እሱ ፈንገስ አይደለም፣ በፈንገስ መድኃኒት አይድንም፣ ችላ ከተባለ ለዓመታት እየቆየ ወደ ካንሰር ሊሄድ ስለሚችል የራሱ ቅባትና ክትትል ይፈልጋል። የምታጠባ እናትና የወር አበባዋ የተቋረጠባት ሴት ደግሞ ኢስትሮጅን ስለሚቀንስባቸው ይደርቃሉ፣ ድርቀቱም ያሳክካል። ለእነሱ የፈንገስ ፍሬ መስጠት ደረቅ መሬት ላይ ፀረ ተባይ እንደ መርጨት ነው።

«እኔ የራሴን አውቀዋለሁ፣ ፈንገስ ነው» የሚሉ ሴቶች በየቀኑ ይመጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ራሳቸውን መርምረው የፈንገስ መድኃኒት ሊገዙ ፋርማሲ የሄዱ 95 ሴቶች ላብራቶሪ ሲታዩ፣ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ነበሩ። የቀሩት ሌላ በሽታ፣ ድብልቅ ኢንፌክሽን ወይም ጨርሶ ምንም ያልተገኘባቸው ነበሩ። ስለዚህ አራቴ የወሰድሽው ፍሬ የተመለሰብሽ መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ምናልባት አድራሻው ተሳስቶ ነው። ምናልባት ደግሞ አድራሻው ትክክል ሆኖ መጠኑ አንሷል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዱቄቶቹ።

የሚታጠቡበት ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ትሪፋላ ነው፣ ወይም የኒም ቅጠል፣ ወይም ከአምስት ዛፎች ልጥ የሚዘጋጀው ፓንቻቫልካላ። ትሪፋላ ማለት ሦስት ፍሬ ማለት ነው፦ አማላኪ፣ ሃሪታኪና ቢቢታኪ። የሚገርምሽ ሃሪታኪና ቢቢታኪ የኛ ወይባ ዛፍ ዘመዶች ናቸው፣ ያው እናቶቻችን የሚሞቁት የወይባ ጢስ ዛፍ። ሁሉም ታኒን የሚባለውን ነገር በብዛት ይይዛሉ። ወፍራም ሻይ ስትጠጪ ምላስሽን ኩምትር የሚያደርገው እሱ ነው። የተቆጣና የሚያዥ ቆዳን ደረቅ ያደርጋል፣ ማሳከኩንም ለጊዜው ያበርዳል። ኒምም በላብራቶሪ ሳህን ላይ ፈንገስ ሲያዳክም ታይቷል። ሳህን ግን ብልት አይደለም። ሳህን ላይ ፈንገስ የሚገድል ነገር ቢቆጠር ነጭ ሽንኩርትም አለበት፣ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ከትተው ተቃጥለው የመጡ ሴቶች ግን በገዛ እጄ አክሜያለሁ። አደራ!

የእኔ አቋም አጭር ነው፦ ከውጭ ይሁን፣ ወደ ውስጥ አይሁን።

ለምን ካልሽኝ፣ ብልትሽ ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ፣ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው፣ ውስጡንም ከ3.8 እስከ 4.5 በሆነ የአሲድ ልክ ይጠብቁታል። እነሱ ዘበኞችሽ ናቸው። ውሃም ሆነ ዲቶል ወይም የፈላ ቅጠል ወደ ውስጥ ስትልኪ ዘበኞቹን ጠርገሽ ታወጫለሽ፣ ወደ ውስጥ የሚታጠቡ ሴቶችም ለባክቴሪያ መዛባትና ለማህፀን ኢንፌክሽን ይበልጥ ይጋለጣሉ። «ብልትም አሲድ ነው፣ ሎሚም አሲድ ነው» ትዪኝ ይሆናል፣ ብዙ ሴቶች ይሉኛል። የሎሚው አሲድ ከብልትሽ ከመቶ እጥፍ በላይ ሊበረታ ይችላል፣ የተቆጣ ቆዳ ላይ ስታደርጊው ቁስል ላይ ሚጥሚጣ እንደ መነስነስ ነው። ሻታፉንም፣ የመጸዳጃ ቤቱን የመታጠቢያ ቱቦ ማለቴ ነው፣ ወደ ውስጥ አታነጣጥሪ፣ የባህረ ሰላጤ ሻታፍ ግፊቱ ኃይለኛ ነው።

እውነት ለመናገር አዩርቬዳ ውስጥ የውስጥ እጥበት አለ። ክሊኒክ ውስጥ፣ በሠለጠነ ሰው፣ ለተወሰነ ቀን የሚሰጥ ሕክምና ነው፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚደረግ ልማድ አይደለም። እኔ እሱንም አልመክርም፣ ቢያንስ ማይክሮስኮፑ ሳይታይ።

ከውጭ መጠቀም ከፈለግሽ እንዲህ አድርጊ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ትሪፋላ በግማሽ ሊትር ውሃ አፍዪ፣ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ በደንብ አጥልዪ፣ ለብ እስኪል ጠብቂ። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪውና አንድ ቀን ታገሺ፣ ካላሳከከሽ ሳፋ ውስጥ ጨምረሽ አሥር ደቂቃ ቁጭ በዪበት ወይም ከውጭ አፍስሺበት። ሳትፈትጊ በለስላሳ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርጊና አድርቂ። በቀን አንዴ፣ ለአምስት ስድስት ቀን፣ ከዚያ አቁሚ። ተሰነጣጥቆ ወይም ቆስሎ ከሆነ ይቅር። ይህ ማሳከኩን ያስታግስልሻል እንጂ ፈንገሱን ያጠፋልሻል አልልሽም። ፓንትሽ ላይ ቡናማ ቀለም ቢተው ደግሞ አትደንግጪ፣ የዱቄቱ ነው።

ሁለተኛው የአዩርቬዳ መንገድ ፒቹ ነው። ጥጥ ወይም ጨርቅ በዘይት ነክረው ውስጥ ያስቀምጡታል። ለደረቀች ሴት ሐሳቡ ይገባኛል፣ ዘይት ያለሰልሳል። እንደ አይብ ላለ ፈሳሽ ግን አይመችም። የዘይቱ ዓይነትም ይለያያል፦ ጃትያዲ የሚባለው የቁስል ዘይት በጥንታዊ አሠራሩ የመዳብ ውሁድ አለበት፣ እሱን ውስጥ ማስገባት አልፈልግም። ሌላው ማንም የማይነግርሽ ነገር፣ ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳዋል፣ ይቀደዳል። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ አስቢበት።

ሦስተኛው ጢስ ነው፣ ዱፓና ይሉታል። እርድ፣ የኒም ቅጠል፣ ሙጫ ያጨሳሉ። ለኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ወይባ ሞቀን ያደግን ነን፣ ሱዳኖችም ዱካን ይሉታል። ለገላ፣ ለመዓዛ፣ ለድካም ከሆነ የራስሽ ጉዳይ ነው፣ እኔም ከወለድኩ በኋላ እናቴ አስሙቃኛለች። ለሚያሳክክ ብልት ግን ጢስና ሙቀት ያደርቀዋል፣ ላቡ ደግሞ ፈንገሱን ይመቸዋል። የተቃጠሉም አይቻለሁ። እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትሞክረው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማንም።

ወደሚጠጣው ዱቄት ስንመጣ እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ይላል። ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም፣ ምናልባት አንቺም አታውቂውም። ሻታቫሪ ሊሆን ይችላል፣ ሎድራ ሊሆን ይችላል፣ ለነጭ ፈሳሽ በብዛት የሚሰጠው ፑሽያኑጋ ሊሆን ይችላል። እነዚህ በአብዛኛው ዕፅዋት ናቸው። አዩርቬዳ ግን ብረትና ማዕድን አቃጥሎ ባስማ የሚባል ዱቄት የሚያደርግበት ጎንም አለው፣ ለነጭ ፈሳሽ ቆርቆሮ ከሚባለው ብረት የተሠራ ቫንጋ ባስማ ይሰጣል። በ2004 ቦስተን አካባቢ ከሚሸጡ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቷል። ከአራት ዓመት በኋላ በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 ምርቶች ሲመረመሩ ደግሞ ከአምስት አንዱ ያህል እንደዚያው ነበር። ስያሜ የሌለው፣ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት እንዳትጠጪ የምለው ለዚህ ነው። እርሳስ ወዲያው አያምሽም፣ ይጠራቀማል፣ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ላይ ደግሞ ጽንሱ ድረስ ይሄዳል። ውስጡ ኒም ካለ ሌላ ጣጣ አለው፤ የኒም ዘይት ህንድ ውስጥ ለወሊድ መከላከያነት ጭምር የተጠና ነገር ነው። ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ከኒም ራቂ።

ስለ ምግብ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አዩርቬዳ ለካፋ ጣፋጭ፣ ቅባት፣ እርጎና ቀዝቃዛ ነገር ቀንሺ፣ መራራና የሚያቃጥል ጨምሪ ይላል። ጤነኛ ሴት ላይ ስኳር መተው ፈንገስ እንደሚከላከል የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም። ስኳር በሽታ ካለብሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ፈንገሱ ድግስ ነው የሚያገኘው። በዓመት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ የተመላለሰባት ሴት ስኳሯን ሳትለካ መድኃኒት መደራረብ የለባትም፣ አንዳንዴ የስኳር በሽታ መጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ ነው። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶች፣ እነ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን፣ ራሳቸው ፈንገስ ያመጣሉ። በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደሽ ከነበረም ንገሪያቸው። የኤችአይቪ ምርመራም ይጠየቅ ይሆናል፣ አይክፋሽ፣ የተለመደ ነው።

አንቺ ምን ታድርጊ?

ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ያውም ሲያሳክክሽ፣ መድኃኒት ሳትወስጂ። ማሳከኩ ሲቆም ከሄድሽ ምንም አይታይም። ከፈሳሹ በጥጥ ይወስዳሉ፣ የአሲድ ልኩን በወረቀት ያያሉ፣ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፣ ሲመላለስ ደግሞ ካልቸር ይልካሉ፣ ማለትም ፈንገሱን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድገው ዓይነቱን ይለያሉ። «ካልቸር ይላክልኝ» ብለሽ በራስሽ አፍ ጠይቂ። ምክንያቱም የተለመደው ፈንገስ አልቢካንስ ነው፣ ለፍሬዋ እሺ ይላል። ግላብራታ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሺ አይልም፣ ለእሱ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ውስጥ የሚደረግ የቦሪክ አሲድ ካፕሱል ጭምር። እሱ ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ለእርጉዝም አይሆንም፣ በራስሽ አትግዢው።

አልቢካንስ ከሆነ ደግሞ አንድ ፍሬ አይበቃሽም። ለሚመላለስ ፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም በየሦስት ቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ፣ ለስድስት ወር ነው። አዎ፣ ስድስት ወር። አንቺ በየጊዜው አንድ አንድ ስትውጪ ነበልባሉን አጥፍተሽ ረመጡን ትተሽው ነው የምትሄጂው። ይህን ግን ሐኪም ያዘዘው ይሁን፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይጣላል፣ ለእርጉዝም አይሰጥም። ሲያልቅ ግማሽ ያህሉ ላይ እንደሚመለስም ልንገርሽ፣ በኋላ «ዋሸችኝ» እንዳትዪኝ። ቢሆንም ስድስት ወር ሙሉ ሳያሳክክሽ መተኛት ትንሽ ነገር አይደለም።

ባልሽ ምንም ካላሳከከው ለፈንገስ እሱን ማከም አያስፈልግም። ትሪኮሞናስ ከሆነ ግን የግድ አብሮ ይታከም። የባክቴሪያው መዛባት ከሆነ ድሮ «ወንዱን አታክሙ» ነበር የምንለው፤ በ2025 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ወንዱም አብሮ ሲታከም መመላለሱ በደንብ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እስከዚያው በንጹህ ውሃ ብቻ፣ ከውጭ ብቻ፣ በቀን አንዴ ታጠቢ። ሽቶ ያለው ሞዴስና እርጥብ መጥረጊያ ተዪ። የጥጥ ፓንት ልበሺ፣ ሌሊት ያለ ፓንት ተኚ። ፓንትሽን የምታጥቢበትን ኦሞ በደንብ አለቅልቂው። ሲያሳክክሽ በጥፍር ከመፋቅ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዢበት። ተራ ቫዝሊንም ለቆዳው ይበጃል፣ ከኮንዶም ጋር ግን አይደለም፣ ያው የዘይቱ ነገር።

ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ከግንኙነት በኋላ ደም፣ ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ፣ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያን ዕለት ሂጂ።

ስለ ማፈሩ። ሴት ሐኪም ትየኝ ማለት መብትሽ ነው፣ እዚያ አገር ይህን መጠየቅ የተለመደ ነው። ስልክ ላይ «ለሴት ሐኪም ቀጠሮ እፈልጋለሁ» ብቻ በያቸው፣ ምክንያቱን ለእንግዳ ተቀባይዋ ማስረዳት የለብሽም። ቋንቋው ካስቸገረሽ ለእኔ የጻፍሽውን ያንኑ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ አስጽፈሽ ስልክሽ ላይ አሳዪያት። እኛ በቀን ከአሥር በላይ እናያለን፣ በሩን ዘግተሽ ስትወጪ ፊትሽን እንኳ አናስታውሰውም።

አዩርቬዳውን ከልብሽ ከፈለግሽው ደግሞ ኤምሬትስ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የአዩርቬዳ ክሊኒኮች አሉ። የላብራቶሪ ውጤትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ከእኛ የታዘዘልሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ጥሩው ሐኪም ውጤቱን አንብቦ ነው የሚያወራሽ።

ጎረቤትሽን አታስቀይሚያት። «ሐኪም አይቶኝ ነው የምጀምረው» በያትና የዱቄቶቹን ዕቃ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺ፦ የፋብሪካ ስም፣ የምርት ቁጥር፣ የዕፅዋቱ ዝርዝር፣ የሚያበቃበት ቀን። ዝርዝሩ ውስጥ ባስማ የሚል ቃል ካለ ወይም ጭራሽ ጽሑፍ ከሌለው የሚጠጣውን አትክፈቺው። ፎቶውን ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።